ለጥንዚዛዋ ጥቂት ክሽክሽ ተዉላት

ድሬዳዋ ላይ ጎመን የሚያምረው ሙቀቱ በረድ ሲል ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ቅጠሉ ይወፍራል፣ ችግኙም እሺ ብሎ ይይዛል። ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ መጣጭ ተባይም የሚመጣው በዚሁ ወቅት ነው። መጀመሪያ ከቅጠሉ ጀርባ ግራጫ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነገር ይታያል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ይንቀሳቀሳል። ቀን በቆየ ቁጥር ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ለጋው ቡቃያ ይጠወልጋል፣ ላዩ ላይ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይቀራል።

የእኔ ጓሮ እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። ሰፊ አይደለም። ሀበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ አጥሩ ላይ የሚንጠላጠል ዱባ አለ። ጥግ ላይ አንድ ጊሽጣና አንድ ሎሚ ቆመዋል። እዚህች ቦታ ላይ ማን ማንን እንደሚበላ ማየት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ከጎረቤቶቼ ጋር በጣም የምንከራከርበትም ጉዳይ ይሄው ነው። ሌሎች ነፍሳትን እያደኑ የሚበሉት ነፍሳት ለጓሮ ይጠቅማሉ ወይስ ይጎዳሉ?

የማምንበትን ከፊት ልናገር። አዳኝ ነፍሳት ለእኔ አይሠሩም። ለሆዳቸው ነው የሚሠሩት። የእነሱ ሆድና የእኔ ፍላጎት የሚገናኙበት ጊዜ አለ፣ የማይገናኙበትም አለ። ጓሮው ውስጥ እንዲቆዩ የፈለገ ሰው ደግሞ ዋጋ ይከፍላል። ዋጋው ጥቂት ተባይ መተው ነው። የሚበላ ነገር የሌለበት ቦታ ማንም አዳኝ አይቀመጥም። ለብዙ ሰው የሚከብደው ይሄንን መቀበል ነው።

ባለ ነጠብጣብ ቀይ ጥንዚዛዋን ሁሉም ያውቃታል። ልጆች እጃቸው ላይ ያስኬዷታል። ስትነካ ከእግሮቿ መገጣጠሚያ መጥፎ ሽታ ያለው ቢጫ ፈሳሽ ታወጣለች፤ የሚበላት እንዳይደፍራት ነው። አንዷ በቀን እስከ 50 ክሽክሽ ልትበላ ትችላለች። እንቁላሏን ክሽክሽ ካለበት አቅራቢያ፣ ከቅጠል ሥር፣ ቢጫ ቢጫውን አሰባስባ ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ግን እናቱን ፈጽሞ አይመስልም። ጥቁር ነው፣ ረዘም ያለ ነው፣ ጀርባው ሻካራ ነው፣ ጎኑ ላይ ብርቱካናማ ነጠብጣብ አለው። ክንፍ ስለሌለው በእግሩ ከቅጠል ቅጠል እየዞረ ክሽክሹን አንድ በአንድ ይለቅማል። ሁለት ሦስት ሳምንት እንዲህ ሲበላ ይቆይና ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ይደርቃል። ከዚያ ውስጥ ቀይዋ ጥንዚዛ ትወጣለች።

ይሄንን እጭ ሰው አያውቀውም። ጎረቤቴ አንድ ቀን ጎመኔን ስትቀጥፍ አየችውና ጮኸች።

«አቦ! ይሄ አዞ ከየት መጣ? ጎመንሽን ሊጨርሰው ነው እኮ!»

«እትዬ፣ ተዪው። ጎመን አይበላም። ክሽክሹን ነው የሚበላው።»

«ይሄ? ይሄ አስቀያሚ?»

(እናቴ ልትሆን የምትችል ሴት ናት። ግን ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም የለም፣ አንቺ ነው የምላት።) ጎንበስ ብላ አየችው። አንዱን ክሽክሽ ይዞ ሲመጥጠው ቆማ ተመለከተች። ከዚያ ወዲህ እሷም ጓሮዋ ውስጥ ስታገኘው አትጨፈልቀውም። ሰዎች በገዛ እጃቸው የሚጨርሱት ይሄንን ልጅ መሆኑ በጣም ያሳዝነኛል። ጥንዚዛዋን እያደነቁ ልጇን ይገድላሉ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ ማንም አላሳያቸውም። በየግብርና ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተባይ ሥዕል ይለጠፋል። የአዳኞቹና የእጮቻቸው ሥዕል አጠገቡ ቢለጠፍ ምን ያህል ጓሮ ይተርፍ ነበር እላለሁ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ነጠብጣብ ያላት ጥንዚዛ ሁሉ ወዳጅ አይደለችም። ዱባ፣ ሐብሐብና ኪያር ላይ የምትገኝ ሌላ ዘመድ አለቻቸው። እሷ ሥጋ አትበላም፣ ቅጠል ነው የምትበላው። ጀርባዋ አያብለጨልጭም። በጣም ቀርባችሁ ስታዩዋት አጭር ለስላሳ ፀጉር አላት፣ ቀለሟም ደብዘዝ ያለ ብርቱካናማ ነው። እጯ ቢጫ ሆኖ ሰውነቱ በቅርንጫፋማ እሾህ የተሸፈነ ነው። ቅጠሉን ላጥ ላጥ አድርጋ ትበላና የቅጠሉ ጅማት ብቻ ቀርቶ መረብ ይመስላል። እሷን በእጅ መልቀም ይገባል። ዱባ ላይ ያየሁትን ጥንዚዛ ሁሉ «ተይው፣ ወዳጅ ነው» ብዬ አላልፍም፤ ጀርባዋን አያለሁ።

ሌሎቹን ወዳጆች ሰው ጨርሶ አያያቸውም። አንዷ መረብ መሳይ ስስ ክንፍ ያላት አረንጓዴ ነፍሳት ናት፤ ማታ ማታ መብራት ላይ ትመጣለች። እንቁላሏን የምትጥልበት መንገድ ይገርመኛል። ቅጠሉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር ታቆምና ጫፉ ላይ አንድ እንቁላል ታስቀምጣለች። ለእያንዳንዱ እንቁላል የየራሱ ክር አለው። ምክንያቱ ልጆቿ ናቸው። ቀድሞ የተፈለፈለው ወንድሙን አግኝቶ ይበላዋል። ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ስለሆነ ነው ክሽክሹንም እንዲያ የሚፈጀው። ማጭድ የሚመስል መንጋጋውን ወግቶ የያዘውን ይመጥጠዋል። አንዳንዱ የበላቸውን ክሽክሾች ቆዳ ጀርባው ላይ ተሸክሞ ይሄዳል።

ሌላዋ አየር ላይ ቆማ የምታንዣብብ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያላት ዝንብ ናት። ንብ ትመስላለች፣ ግን አትናደፍም። ክንፏ ሁለት ብቻ ነው፤ ንብ አራት አላት። እሷ ራሷ የምትኖረው በአበባ ማርና ብናኝ ነው። እጯ እግር የሌለው፣ አረንጓዴ፣ ለስለስ ያለ ትል ነው። ክሽክሹ መሐል ተኝቶ በመቶዎች የሚቆጠሩትን ይበላል። ጎመን ስታጥቡ ያገኛችሁት አረንጓዴ ትል ሁሉ ጎመን በላተኛ አይደለም። ጎመን የሚበላው ትል እግር አለው።

እነዚህ ሁሉ እያሉ ለምን ክሽክሹ ያሸንፋል? የጊዜ ጉዳይ ነው። እንደ እኛ ባለው ሞቃት አገር ሴቷ ክሽክሽ ያለ ወንድ ትወልዳለች። እንቁላል አትጥልም፣ በቀጥታ ትወልዳለች። የምትወለደው ልጅ ሆዷ ውስጥ የራሷን ልጅ ይዛ ነው የምትመጣው። በሳምንት ወይም በ10 ቀን ውስጥ እሷም እናት ትሆናለች። ጥንዚዛዋ እንቁላል ጥላ፣ እጩ አድጎ፣ ሌላ ጥንዚዛ እስኪሆን ድረስ ክሽክሹ ብዙ ትውልድ አፍርቷል። ስለዚህ አዳኙ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ነው። መጀመሪያ ክሽክሹ ይበዛል፣ ከዚያ አዳኙ ይበዛል፣ ከዚያ ክሽክሹ ያልቃል፣ አዳኙም ይሄዳል። በመሐል ያሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ናቸው ልብ የሚያቆስሉት። ቅጠሉ ሲጨማደድ እያየ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ለማንም ሰው ይከብዳል። መድኃኒት የሚገዛውም በእነዚያ ቀናት ነው።

መድኃኒቱ ሲረጭ ምን ይሆናል? ክሽክሹ ይሞታል። ጥንዚዛዋም፣ እጩም፣ አንዣባቢዋ ዝንብም ይሞታሉ። የተጨማደደ ቅጠል ውስጥ ተደብቀው የተረፉ ጥቂት ክሽክሾች ግን ያለ ወንድ መውለዳቸውን ይቀጥላሉ። አሁን የሚበላቸው የለም። ሁለተኛው ወረራ ከመጀመሪያው ይብሳል። ሁለተኛ መርጨት ይመጣል፣ ከዚያም ሦስተኛ።

ይሄ ጓሮ ውስጥ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሩዝ ላይ የደረሰውን ሳነብ በጣም ገርሞኛል። እዚያ ቡናማ የሩዝ ፌንጣ የሚሉት ትንሽ መጣጭ ተባይ አለ። መንግሥት መድኃኒት በድጎማ እያቀረበ ገበሬው በብዛት ይረጭ ነበር። ተባዩ ግን ጨመረ። ለካ መርጨቱ ሸረሪቶቹንና አዳኝ ነፍሳቱን ጨርሶ ተባዩን ነፃ አውጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ1986 ፕሬዚዳንት ሱሃርቶ 57 ዓይነት ፀረ ተባይ መድኃኒቶች ሩዝ ላይ እንዳይረጩ ከለከሉ። ገበሬውም አዳኞቹን ከተባዩ ለይቶ እንዲያውቅ ማሳው ላይ ትምህርት ተሰጠው። የመድኃኒቱ አጠቃቀም ቀነሰ፣ የሩዙ ምርት ግን አልወደቀም። መንግሥት የሚያህል አካል «ሸረሪቷን ተዋት» ብሎ የወሰነበት ጊዜ መኖሩ ያበረታኛል።

ወደ እኛ ልመለስ። የጎመን ጉዳይ ከሩዝም የባሰ ነው። ሩዝ በወራት አንዴ ይታጨዳል። ጎመንና ቆስጣ ግን በየሁለት ሦስት ቀኑ ይቀጠፋሉ። መድኃኒት የተረጨበት አትክልት ደግሞ ሳይቀጠፍ መቆየት ያለበት ጊዜ አለው፤ ዕቃው ላይ ተጽፏል። ዛሬ ረጭቶ ከነገ ወዲያ ለልጅ ጎመን መክተፍ አይሆንም። ይሄ ለእኔ ከክርክር በላይ ነው።

ታዲያ ምንም አላደርግም ማለቴ አይደለም። ሲበዛብኝ ጠዋት ላይ ቅጠሉን በውሃ ቱቦ እመታዋለሁ። የወደቀው ክሽክሽ አብዛኛው ተመልሶ አይወጣም፣ ጥንዚዛዋ ግን በርራ ትመለሳለች። በጣም የከፋውን ቅጠል እቀነጥሳለሁ። የሳሙና ውሃም ይሠራል። የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው፣ ከደረቀ በኋላ አይቆይም። እጩ ላይ ካረፈ ግን እጩንም ይገድላል፣ ስለዚህ እጭ የሌለበትን ቅጠል መርጬ ነው። ኒምም አለን። ድሬ ላይ የኒም ዛፍ ሞልቷል፣ ፍሬውን የሚለቅም ግን ትንሽ ነው። የፍሬው ውሃ ቅጠል የሚበላውንና የሚመጠውን ተባይ ከመብላት ያግደዋል፣ እድገቱንም ያበላሻል። አዳኞቹን የሚነካቸው ከዚያ ባነሰ መጠን ነው። ዩሪያ ማብዛትም አልወድም። ናይትሮጅን የበዛበት ጎመን ቅጠሉ ለጋና ጭማቂ ስለሚሆን ክሽክሹ ይበልጥ ይራባበታል።

አሁን ወደ ጉዳቱ። ስለ አዳኞች የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይሄን ይዘሉታል።

እጆቿን አጣጥፋ እንደምትጸልይ የምትቆመው አረንጓዴ ነፍሳት አለች። ጭንቅላቷን ወደ ጎን አዙራ ሰውን ታያለች። ልጆች ይወዷታል፣ እኔም እወዳታለሁ። ለክሽክሽ ግን ብዙም አትጠቅምም። እሷ ትልቅ ነገር ነው የምትፈልገው። ዱባ አበባ ላይ ትቆምና ንብ ትይዛለች። ዱባ ወንድና ሴት አበባው የተለያየ ነው፤ ንብ ካልመጣች ፍሬ አይቋጥርም። ቲማቲም ግን ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ ንብ ባትደርስም ያፈራል። ስለዚህ እሷን ዱባው ላይ ካገኘኋት በቀስታ አንስቼ ቲማቲሙ ላይ አስቀምጣታለሁ። አንበጣም ትልም ካገኘች እዚያ ትብላ። ሌላዋን አዳኝ፣ ሸረሪቷን፣ የራሷንም ዘር ትበላለች። ወዳጅና ጠላት አትለይም።

ጉንዳን ከሁሉም ያከራክራል። ጉንዳን ትል ይገድላል፣ የምስጥ ጠላት ነው፣ አፈር ያናፍሳል። ክሽክሽ ያለበት ቦታ ሲደርስ ግን እረኛ ይሆናል። ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ይልሳል፤ ስለዚህ ይጠብቀዋል። ጥንዚዛዋ ስትመጣ ይነክሳታል፣ ያባርራታል፣ እንቁላሏን ይወስዳል። ጎመኔ ላይ ጉንዳን ወደ ላይ ሲመላለስ ካየሁ ከላይ ክሽክሽ እንዳለ አውቃለሁ። ግንዱ ዙሪያ አመድ መነስነስ የእናቶቻችን ዘዴ ነው። ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ መንገዱን ያስቸግራቸዋል። ሎሚው ላይ ደግሞ አፈር የነኩ ቅርንጫፎችን እቆርጣለሁ፣ መሰላል እንዳያገኙ።

ተርብም አለች። ከአባጨጓሬው ሥጋ ቆርሳ ለልጆቿ ትወስዳለች፣ ትልቅ ውለታ ነው። ቤቷን የሠራችው ግን የልጆች መጫወቻ በር ላይ ከሆነ ውለታዋ ይቅርብኝ። ራቅ ያለ አጥር ላይ ከሆነ ትኑር።

ቲማቲም ላይ ያለው ጉዳይ ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ ትምህርት የሰጠኝ ነው። ቱታ የሚባለው የቲማቲም ተባይ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ መግባቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ትሉ ቅጠሉን ከውስጥ ይቦረቡረዋል፣ ፍሬውንም ይበሳል። ውስጥ ስለሚሆን መድኃኒትም በደንብ አያገኘውም። የእሱን እንቁላልና ነጭ ዝንብን የምትበላ፣ ቀጭን አረንጓዴ፣ ጥቁር ነጥብ ያላት ትንሽ ትኋን መሳይ ነፍሳት አለች። በሜዲትራኒያን አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ሆን ብለው ያራቧታል። እንቁላሉን ስትጨርስ ግን አትሄድም። ወደ ቲማቲሙ ትዞራለች። ለጋውን ግንድና የአበባውን ዘንግ ትመጣለች፣ የነካችው ቦታ ዙሪያውን ቡናማ ቀለበት ይሠራል፣ አበባውም ይረግፋል። ያው አንዷ ነፍሳት በአንድ ወር ወዳጅ፣ በሚቀጥለው ተባይ ናት። ባሕርይዋ አልተለወጠም። የምትበላው ነው ያለቀባት።

ከሌላ አገር አዳኝ አምጥቶ መልቀቅም እንደዚሁ ሁለት ፊት አለው። እ.ኤ.አ. በ1888 አልበርት ኮቤል የሚባል ሰው ከአውስትራሊያ ትንሽ ጥንዚዛ ወደ ካሊፎርኒያ ላከ። ነጭ ጥጥ የለበሰ የሚመስል ተባይ የካሊፎርኒያን ብርቱካን እያጠፋ ነበር፣ ተባዩ ራሱ ከአውስትራሊያ የሄደ ነው። ጥንዚዛዋ ከእሱ ሌላ ብዙም አትበላም። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ብርቱካኑ ዳነ። ድሬ የብርቱካንና የመንደሪን አገር ናትና ይሄ ታሪክ ልቤን ይነካዋል።

ሌላኛውን ታሪክ ደግሞ እዩት። የእስያዋ ባለ ብዙ ቀለም ጥንዚዛ ሁሉን በላተኛ ናት። ክሽክሽ እንድትበላ ተብሎ አሜሪካና አውሮፓ ተለቀቀች። ክሽክሹ ሲያልቅባት የአገሬውን ጥንዚዛ እንቁላልና እጭ በላች። የብርዱ ወቅት ሲገባ ቤት ውስጥ በመንጋ ትገባለች፣ ወይን ላይም ትቀመጣለች። ማንም ያልለቀቀባት እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2004 ደረሰች፤ ደቡብ አፍሪካም ተገኝታለች። ከሌላ አገር ነፍሳት በዕቃ አምጥቶ ጓሮ ውስጥ መልቀቅ የሚያምራቸው ሰዎች ስላሉ ነው ይሄን የምለው። የራሳችን ጥንዚዛዎች በቂ ናቸው፤ እንዳይሞቱ መተው ነው እንጂ።

አዳኞች የማይደርሱበት ነገርም አለ። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ወደ እኛ ሲመጣ ሰማዩ ጠቆረ። የአንበጣ መንጋ በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ እስከ 80 ሚሊዮን ሊደርስ ይችላል። ወፉም ተርቡም የሚችለውን በላ፣ ግን ምን ያደርጋል። በዚያን ጊዜ አውሮፕላን የረጨው መድኃኒት ትክክል አልነበረም የሚል ሰው ካለ አልስማማም። መድኃኒት የሚያስፈልግበት ሰዓት አለ። ጎመን ላይ የወጣ ክሽክሽ ግን የበረሃ አንበጣ አይደለም።

ጎረቤቴ አንድ ነገር ነገረችኝ፣ እስካሁን የሚያስቸግረኝ እሱ ነው። ዘመዷ ቀፊራ ገበያ ቅጠላ ቅጠል ትሸጣለች። «ለአንቺ ቀላል ነው» አለችኝ። «አንቺ የተበሳውን ቆርጠሽ ጥለሽ ቀሪውን ትከትፊያለሽ። እሷ አንድ ነጥብ ያለበት ቅጠል ይዛ ብትቀመጥ ማን ይገዛታል?» እውነቷን ነው። የአትክልቱ ገበያ የሚቀበለው ያልተነካ፣ የሚያብለጨልጭ ቅጠል ነው። ከሐረማያና ከሐረርጌው ኮምቦልቻ በኩል የሚያመርተው ገበሬ ይሄን ያውቃል፣ ስለዚህ ይረጫል። አዳኝ ነፍሳትን የማቆየቱን ዋጋ እሱ ብቻውን ይክፈል ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። እኛ ገዢዎችም ትንሽ የተበሳ ቅጠል ስናይ ፊታችንን ባናዞር ከዋጋው ላይ የድርሻችንን ከፈልን ማለት ነው። እኔ ቀፊራ ስሄድ አሁን እያወቅሁ ነው ያንን የምመርጠው፣ ለሻጯም ለምን እንደመረጥኩት እነግራታለሁ።

ለጓሮ ግን ጉዳዩ ቀላል ነው። አበባ ያስፈልጋል። አንዣባቢዋ ዝንብና ትንንሾቹ ተርቦች ትንሽ አበባ ነው የሚፈልጉት፤ አፋቸው አጭር ስለሆነ ትልቅና ጥልቅ አበባ አይመቻቸውም። ድንብላልና እንስላል አንድ ሁለት እግር ሳይነቀል አብቦ ይቆይ። በሶብላም እንደዚያው። ለምግብ ተተክሎ ያለፈበት ሰላጣ አበባ ሲያወጣ ወዲያው አትንቀሉት። ድሬ ላይ ፀሐዩ ሲከር ደግሞ እርጥበት ይፈልጋሉ፤ ጠዋት የጠጣ አፈርና የጊሽጣው ጥላ ይበቃቸዋል።

ጎመን ልቀጥፍ ስወጣ ቅጠሉን ገልብጬ አየዋለሁ። እጭ ወይም ቢጫ እንቁላል ካለበት ያንን ትቼ ሌላውን እቀጥፋለሁ። የቀጠፍኩትን ጨው ባለበት ውሃ ዘፍዝፌ ትንሽ እተወዋለሁ፤ የተረፈው ክሽክሽ ከላይ ይንሳፈፋል። ጥሬውን የሚበላ ሰላጣ ከሆነ አቼቶ ጠብ አደርግበታለሁ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ደጋግሜ አለቀልቀዋለሁ።